ያመለጠ ፍተሻ፦ ለተናጋሪው ከለላ፣ ለአውሮፕላኑ እገዳ

አንድ የተበላሸ የአውሮፕላን ክፍል ይዋል ይደር እንጂ ራሱን ያሳውቃል፤ ይንኳኳል፣ ያንጠባጥባል፣ ወይም በአብራሪው ፊት የማስጠንቀቂያ መብራት ያበራል። ያልተደረገ ፍተሻ ግን ምልክት የለውም። የፍተሻ ቀኑ ያለፈበት አውሮፕላን በማለዳ ተነሥቶ መንገደኞቹን በሰላም አድርሶ ይመለሳል፤ በማግሥቱም እንዲሁ። ጉድለቱን የሚያውቀው መዝገቡ ወይም መዝገቡን የሚያገላብጠው ሰው ብቻ ነው። መዝገቡ ራሱ ከተሳሳተ ደግሞ ለረጅም ጊዜ የሚያውቀው ላይኖር ይችላል።

ከዚህ የተነሣ የፍተሻ ማምለጥ ጉዳይ የምህንድስና ጉዳይ የመሆኑን ያህል የመናገርና የመስማት ጉዳይም ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው። ፍተሻ ማምለጡን የደረሰበት ባለሙያ ወይም ድርጅት ሳይፈራ የሚናገርበት ሥርዓት ሊኖር ይገባል፤ ነገር ግን ለተናጋሪው የሚሰጠው ከለላ ወደ አውሮፕላኑ መሻገር የለበትም። ተናጋሪው ከቅጣት ነፃ ሊሆን ይችላል፤ አውሮፕላኑ ግን ፍተሻው እስኪደረግ ድረስ መቆም አለበት። እነዚህ ሁለት ጉዳዮች በተግባር ሊደባለቁ ይችላሉ፤ በተደባለቁ ጊዜም የመናገር መብት ወደ መብረር ፈቃድ ይለወጣል።

የፍተሻ ጊዜ ከየት ይመጣል?

በቅድሚያ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። አንደኛው ተደርጎ ጉድለቱን ያላየ ፍተሻ ነው። ለዚህ የታወቀው ምሳሌ እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 1989 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ሱ ሲቲ ላይ የተከሰከሰው የዩናይትድ አየር መንገድ ዲሲ-10 አውሮፕላን ነው። የጭራው ሞተር የአየር ማራገቢያ ዲስክ በበረራ ላይ ተሰብሮ የመቆጣጠሪያ ሥርዓቱን ቆረጠ፤ ከ100 በላይ ሰዎችም ሞቱ። መርማሪዎች እንደደረሱበት ዲስኩን የሰበረው ስንጥቅ በመጨረሻው ፍተሻ ወቅት የነበረ ቢሆንም ሳይታይ አልፏል። ሁለተኛው ደግሞ በተወሰነለት ጊዜ ጨርሶ ያልተደረገ ፍተሻ ነው። የመጀመሪያው የዓይን፣ የብርሃን፣ የድካምና የሥልጠና ጉዳይ ሲሆን ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በሁለተኛው ላይ ነው።

የፍተሻ የጊዜ ልዩነት በዘፈቀደ የሚወሰን አይደለም። አውሮፕላን ከፍታ በጨመረ ቁጥር ገላው በውስጡ ባለው የአየር ግፊት ይወጠራል፤ ሲወርድ ደግሞ ይላላል። ይህ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ሲደጋገም ቆርቆሮው በተጋጠመባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያ የብረት ድካም ስንጥቅ ሊጀምር ይችላል። መሐንዲሶች በዚህ ሂደት ሁለት ነጥቦችን ያሰላሉ፤ አንደኛው ስንጥቁ በመሣሪያ ወይም በዓይን ሊታይ የሚችልበት መጠን ሲሆን ሌላው መዋቅሩ የሚገባውን ጭነት መሸከም የሚያቅተው መጠን ነው። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ጊዜ በተለምዶ ይከፈልና ከአንድ በላይ ፍተሻ እንዲያርፍበት ይደረጋል፤ አንዱ ሳያይ ቢቀር ሌላው እንዲያይ ነው።

ከዚህ አሠራር አንድ የማይመች እውነት ይከተላል። አንድ ፍተሻ ሲዘለል አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይደርስም። የሚጠፋው ለስሕተት ተብሎ የተቀመጠው ትርፍ ጊዜ ነውና ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። ፍተሻውን የዘለለው ሰው ወይም ድርጅት ከዚህ የሚማረው «ቢዘለልም ምንም አልሆነም» የሚል የተሳሳተ ትምህርት ነው። በሌላ አነጋገር ተሞክሮ እዚህ ላይ መጥፎ አስተማሪ ነው። ሥርዓቱ ከተሞክሮ ውጭ በሆነ ነገር፣ ማለትም በደንብና በመዝገብ፣ መደገፍ ያለበትም ስለዚህ ነው።

ፍተሻ እንዴት ያመልጣል?

ፍተሻ ሲያመልጥ ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚያስበው ስለ ሰነፍ ወይም ስለ ግዴለሽ ባለሙያ ነው። የአደጋ ምርመራ መዛግብት የሚያሳዩት ግን ከዚህ የተወሳሰበ ነገር ነው። ሁለት ምሳሌዎችን እንመልከት።

የመጀመሪያው የታይዋኑ ቻይና ኤርላይንስ ንብረት የነበረ ቦይንግ 747 ነው። አውሮፕላኑ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1980 በሆንግ ኮንግ ካይ ታክ አውሮፕላን ማረፊያ ሲያርፍ ጭራው መሬት ነካ። የተጫረው ቆርቆሮ በአምራቹ የጥገና መመሪያ መሠረት ሊስተካከል ሲገባው ጭረቱ እንዳለ ተደራቢ ቆርቆሮ ተመታበት። ከ22 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 2002፣ ከታይፔ ወደ ሆንግ ኮንግ ሲበር በአየር ላይ ተበታትኖ በውስጡ የነበሩት 225 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ከጭረቱ የጀመረው ስንጥቅ ከተደራቢው ቆርቆሮ ሥር ተሸሽጎ ለዓመታት አድጎ ነበር።

በምርመራው ወቅት አንድ ሌላ ነገር ተገኘ። የአውሮፕላኑ የዝገት መከላከያና መቆጣጠሪያ ፕሮግራም አንዳንዶቹ ፍተሻዎች በየ4 ዓመቱ እንዲደረጉ ያዝዝ ነበር። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1993 ተደረገ፤ ቀጣዩ በ1997 መጨረሻ መደረግ ሲገባው ከ1 ዓመት በላይ ዘገየ። በድምሩ 29 የፍተሻ ሥራዎች ከጊዜያቸው አልፈው ተገኙ። ምክንያቱ ስንፍና አልነበረም። ፕሮግራሙ ጊዜውን የሚለካው በቀን መቁጠሪያ ሲሆን የጥገና ክፍሉ ግን ሥራውን ያቀደው በበረራ ሰዓት ነበር፤ አውሮፕላኑ ከታሰበው ያነሰ ሲበር የሰዓት ቁጥሩ ሳይሞላ ቀኑ አለፈ። ዝገት ደግሞ አውሮፕላኑ ቆሞም ይሠራል። እርግጥ ነው፣ የዘገየው ፍተሻ ብቻውን አደጋውን አመጣ ማለት አይቻልም፤ ስንጥቁ በተደራቢው ቆርቆሮ ተሸፍኖ ስለነበር ከውጭ በዓይን አይታይም ነበር። ሆኖም አውሮፕላኑን በቅርብ ለማየት የሚያስችሉ አጋጣሚዎች ማንም ሳይወስን፣ በሁለት የአቆጣጠር ዘዴዎች አለመጣጣም ብቻ፣ ሊያልፉ እንደሚችሉ ያሳያል።

ሁለተኛው ምሳሌ የፈረቃ ርክክብን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 1991 የኮንቲኔንታል ኤክስፕረስ ኢምብራየር 120 አውሮፕላን በቴክሳስ ኢግል ሌክ አጠገብ ተከስክሶ 14 ሰዎች ሞቱ። በዋዜማው ሌሊት ሂውስተን ውስጥ በጭራው አግድም ክንፍ ላይ ያሉትን የበረዶ መከላከያ ጎማዎች የመቀየር ሥራ ተጀምሮ ነበር። በማታው ፈረቃ ከግራው ክንፍ የላይኛው ገጽ ብሎኖች ተፈቱ፤ ብሎኖቹን የፈታው ቴክኒሽያኖቹን ለመርዳት የወጣው የፍተሻ ባለሙያ ራሱ ነበር። የሌሊቱ ፈረቃ ተረክቦ የሠራው በቀኙ ክንፍ ላይ ነበር። የግራው ክንፍ መፈታቱ በሥራ ካርዱ ላይ በሚገባ አልሠፈረም፤ በቃል የተነገረውም ሥራውን ለቀጠሉት ሰዎች አልደረሰም። አውሮፕላኑ በማለዳ የመጀመሪያውን በረራ ያለ ችግር ጨረሰ፤ በሁለተኛው በረራ ግን የክንፉ የፊት ጠርዝ ተገንጥሎ ወደቀ። 47 ብሎኖች ሳይመለሱ ቀርተው ነበር።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ የጥገናና የፍተሻ ባለሙያዎች ተገቢውን ሥነ ሥርዓት አለመከተላቸውን በዋና መንሥኤነት አስቀመጠ። አንድ የቦርዱ አባል ግን ዋናው መንሥኤ አመራሩ ለደኅንነት ቅድሚያ የሚሰጥ የሥራ ባህል አለመገንባቱ መሆን አለበት ሲል የተለየ አስተያየት አስመዘገበ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከዚህ የልዩነት አስተያየት ጋር ይስማማል። ሌላውን ሊቆጣጠር የተመደበው ሰው ራሱ ሥራውን ከሠራ የእርሱን ሥራ የሚቆጣጠር ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል፤ ይህን ማሰናዳት ደግሞ በመሰላል ላይ የቆመው ባለሙያ ሳይሆን የአመራሩ ኃላፊነት ነው።

ተነግሮም አልቆመም

ከላይ ባየናቸው ሁለት ምሳሌዎች ጉድለቱ የታወቀው ከአደጋ በኋላ ነው። ጉድለቱ ከአደጋ በፊት ታውቆ በተነገረ ጊዜስ ምን ይሆናል? ለዚህ ጥያቄ የሳውዝዌስት አየር መንገድ ጉዳይ ጥሩ መልስ ይዟል።

የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በተወሰኑ የቦይንግ 737 አውሮፕላኖች የገላ ቆርቆሮ ላይ በየጊዜው የስንጥቅ ፍተሻ እንዲደረግ የአየር ብቁነት መመሪያ አውጥቶ ነበር። በአስተዳደሩ ክስ መሠረት አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. ከጁን 2006 እስከ ማርች 2007 ድረስ ይህ ፍተሻ ያልተደረገላቸውን 46 አውሮፕላኖች በ59,791 በረራዎች አሠማርቷል። በማርች 2007 አየር መንገዱ ራሱ ጉድለቱን ደርሶበት ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አሳወቀ። እስከዚህ ድረስ ሥርዓቱ የታለመለትን ሠርቷል፤ ድርጅቱ ስሕተቱን አግኝቶ ተናግሯልና።

ችግሩ የጀመረው ከተናገረ በኋላ ነው። በፈቃደኝነት ራሱን ላጋለጠ ድርጅት ቅጣት የሚያስቀር ፕሮግራም ነበር፤ ፕሮግራሙ ግን ጉድለቱ እንደታወቀ ጥሰቱ እንዲቆም ይጠይቃል። ከዚህ በተቃራኒ አውሮፕላኖቹ ጉድለቱ ከታወቀ በኋላ ባሉት ቀናት ተጨማሪ 1,451 በረራዎችን አደረጉ፤ ይህም የሆነው በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በኩል ጉዳዩን የያዘው ኃላፊ እያወቀ ነው። በኋላ ፍተሻው ሲደረግ በአንዳንዶቹ አውሮፕላኖች ላይ ስንጥቅ ተገኘ። ጉዳዩ አደባባይ የወጣው የመሥሪያ ቤቱ የራሱ ተቆጣጣሪዎች ለሕዝብ ተወካዮች አቤት በማለታቸው ነው፤ በኤፕሪል 2008ም በአሜሪካ ምክር ቤት ቀርበው መሰከሩ። አስተዳደሩ በአየር መንገዱ ላይ የ10.2 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት እንዲጣል ሐሳብ አቀረበ፤ ጉዳዩም በ2009 በ7.5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። አየር መንገዱ በበኩሉ የበረራ ደኅንነት አደጋ ላይ አልወደቀም ሲል ተከራክሯል።

ማንም ሰው አለመሞቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ከላይ እንደተገለጸው አንድ ፍተሻ ሲዘለል ሰው አለመሞቱ የሚጠበቅ እንጂ የትክክለኛነት ማስረጃ አይደለም። ከዚህ ጉዳይ የሚወሰደው ቁም ነገር ሌላ ነው። ለተናጋሪው የተዘጋጀው ከለላ ለአውሮፕላኑ ተሰጠ፤ በዚህም ሁለት ጉዳት ደረሰ። መንገደኛው ባልተፈተሸ አውሮፕላን ተጓዘ፤ ራስን የማጋለጥ ፕሮግራሙም ቅጣት ማምለጫ መስሎ በመታየቱ እምነት አጣ። የኋለኛው ጉዳት ቀላል አይደለም። እምነት ያጣ ፕሮግራም ከተዘጋ ቀጣዩ ድርጅት ስሕተቱን ሲያገኝ ዝም ማለትን ይመርጣል።

ሁለት ተቃውሞዎች

ለዚህ አቋም ከሁለት አቅጣጫ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። የመጀመሪያው ከለላውን የሚቃወም ነው፤ የሰው ሕይወት በእጁ ያለ ባለሙያ ፍተሻ ሲያልፍ ካልተቀጣ ጥንቃቄ ይጠፋል ይላል። ይህ ሆን ብሎ ያልሠራውን ሠርቻለሁ ብሎ ለፈረመ ሰው ትክክል ነው፤ እንዲህ ያለው ድርጊት በየትኛውም ከለላ ሥር ሊሸፈን አይገባም። ነገር ግን በአቆጣጠር አለመጣጣምና በርክክብ ክፍተት የሚያመልጥ ፍተሻ በቅጣት አይመለስም፤ ሰውየው ማምለጡን አላወቀምና። ቅጣት የሚለውጠው ካወቀ በኋላ መናገሩን ወይም አለመናገሩን ነው። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የደኅንነት አስተዳደርን የሚመለከተው አባሪ 19 ለደኅንነት መረጃና ለምንጮቹ ጥበቃ እንዲደረግ የሚጠይቀውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ እገዳውን ይመለከታል። ፍተሻ ባመለጠ ቁጥር አውሮፕላኑ ይቁም ከተባለ ኪሣራው ድርጅቶችን ዝም ያሰኛል ይላል። ይህ ከባድ ክርክር ነው። ከሳውዝዌስት ጉዳይ በኋላ፣ በኤፕሪል 2008፣ የአሜሪካን አየር መንገድ በኤምዲ-80 አውሮፕላኖቹ የጎማ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ሽቦ አያያዝ ከመመሪያው ጋር መስማማቱን እስኪያረጋግጥ ድረስ በጥቂት ቀናት ከ3,000 በላይ በረራዎችን ሰረዘ። ብዙዎች ርምጃው ከአደጋው መጠን ጋር የማይመጣጠን ነው ብለው ተችተውታል።

ለዚህ መልሱ እገዳውን ማላላት ሳይሆን ውሳኔውን ከንግድ ጫና ማራቅ ነው። በአየር ብቁነት ሕግ አንድ ድርጅት መመሪያውን ቃል በቃል መፈጸም ሲቸግረው በምህንድስና ማስረጃ የተደገፈ አማራጭ የማሟያ ዘዴ እንዲፈቀድለት መጠየቅ ይችላል። ያመለጠ ፍተሻ ሲገኝም መንገዱ ይኸው መሆን አለበት፤ በቅድሚያ ማቆም፣ ከዚያ ማስረጃ ማቅረብ፣ የተቆጣጣሪውን የጽሑፍ ውሳኔ ማግኘት፣ በመጨረሻም መብረር። በሳውዝዌስት ጉዳይ የተገለበጠው ይህ ቅደም ተከተል ነው። ወሳኙ ሰው ከተወሰነለት ድርጅት ጋር የጥቅም ወይም የወዳጅነት ትስስር የሌለው መሆኑም መረጋገጥ አለበት። የአሜሪካ አስተዳደር በ2011 የቀድሞ ተቆጣጣሪዎቹ ይቆጣጠሩት የነበረውን ድርጅት ወክለው በፊቱ እንዳይቀርቡ ለ2 ዓመት የሚከለክል ደንብ ማውጣቱ ከዚህ ትምህርት የመነጨ ነው።

ለእኛ ምን ይላል?

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቦሌ ያለው የጥገና ማዕከል ከራሱ አውሮፕላኖች ሌላ የሌሎች አየር መንገዶችንም አውሮፕላኖች ይጠግናል፤ የማሠልጠኛ ተቋሙም ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች ተማሪዎችን ይቀበላል። ቀጥሎ የሚነሣው በማንኛውም ድርጅት ላይ የቀረበ ወቀሳ አይደለም፤ ስለ ጋራ ልማዳችንና ስለ ጥናት ክፍተት የቀረበ አስተያየት ነው።

በእኛ ማኅበረሰብ ታላቅን ማክበርና ይሉኝታ ትልቅ ቦታ አላቸው። በመልካም ጎናቸው ሰውን ያስተሳስራሉ። በሥራ ቦታ ግን አንድ ወጣት ቴክኒሽያን ለ20 ዓመት የሠሩትን አለቃውን «ጋሼ፣ ይህ ፍተሻ የተዘለለ ይመስለኛል» ለማለት ምን ያህል ይከብደዋል? «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለው ምክር በጎረቤት ጠብ መካከል ብልኅነት ሊሆን ይችላል፤ በጥገና አዳራሽ ውስጥ ግን አደገኛ ነው። ደግነቱ ያው ቋንቋችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚል ብሂልም አለው። የደኅንነት ሥልጠናዎች ከውጭ የተቀዳ የመናገር ሥርዓት ብቻ ከሚያስተምሩ ይልቅ ክብርን ሳይጥሱ እውነትን የመናገር መንገድን ከራሳችን ባህል ውስጥ ቢፈልጉ የተሻለ ሥር ይሰዳሉ ተብሎ ይታመናል።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ደግሞ ቢያንስ ሦስት የጥናት ርእሶች ይታያሉ። የመጀመሪያው የርክክብ ቋንቋ ነው። የጥገና ሰነዶች በእንግሊዝኛ ይዘጋጃሉ፤ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ አንባቢዎች ሲባል የተቀለለ ቴክኒካዊ እንግሊዝኛም ተዘጋጅቶላቸዋል። በፈረቃዎች መካከል የሚነገረው ቃል ግን አማርኛ ወይም ሌላ የአገር ቋንቋ ሊሆን ይችላል። ከአፍ ወደ ጽሑፍ፣ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚጠፋው መረጃ ምን ዓይነት ነው? ሁለተኛው የመዝገብ ጥናት ነው። ከጊዜያቸው ያለፉትን ብቻ ሳይሆን ሊያልፉ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው የተደረጉትን ፍተሻዎች መቁጠር ሥርዓቱ የት ላይ እንደተወጠረ አስቀድሞ ያሳያል። ሦስተኛው የዝምታ ጥናት ነው። ሪፖርት ያደረጉት ሰዎች መጠይቅ ይሞላሉ፤ ያወቁና ያልተናገሩት ግን በመረጃው ውስጥ የሉም። እነርሱን ማንነታቸውን ሳይገልጹ የምንሰማበት ዘዴ ያስፈልገናል።

ለማጠቃለል፣ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶችም ሆኑ የጥገና ድርጅቶች የራስን ስሕተት የማሳወቂያ ደንቦቻቸውን ሲጽፉ ሁለት አንቀጾችን ለይተው እንዲያስቀምጡ ይህ ጽሑፍ ያሳስባል። አንዱ ስለ ሰውየው ይናገር፤ በቅንነት የተናገረ በተናገረው ምክንያት አይቀጣም ይበል። ሌላው ስለ አውሮፕላኑ ይናገር፤ ፍተሻው እስኪደረግ ወይም አማራጩ በጽሑፍ እስኪፈቀድ ድረስ አይበርም ይበል። የመጀመሪያው አንቀጽ በሌለበት ስሕተቱ አይነገርም፤ ሁለተኛው በሌለበት ደግሞ መነገሩ መንገደኛውን አይጠብቀውም።